ስካነሩ የጋራ፣ ፎልደሩስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገሬ ሰው። ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ተረት ነው። ግን እስኪ «ይወረሳል» የምትለዋን ቃል ቆም ብለን እንያት። በአማርኛ መውረስ ሁለት ዓይነት ነው። ልጅ ካባቱ ይወርሳል፤ ጉልበተኛም ከባለቤቱ ላይ ይወርሳል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ሁለተኛውን ትርጉም መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ ያውቁታል። በጽሑፍ ያለም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ይወረሳል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ስካነር ነው። አዎ፣ ስለዚያ ክዳን ስላለው፣ ብርሃኑ ከመስታወቱ ሥር ቀስ እያለ ስለሚሄደው ዕቃ። አንድ ስካነር ገዝቶ በቤት ኔትወርክ ለሁሉም ኮምፒውተር ማዳረስ ቀላል ነገር ይመስላል። ሲሞክሩት ግን እንደ ፕሪንተር አይታዘዝም። ለምን እንደማይታዘዝ ስታውቁ ደግሞ፣ የጣና ዳር ብራናዎች ላለፉት መቶ ዓመታት ያለፉበት ጣጣ ከዚህ ከቤታችን ጣጣ ጋር አንድ መሆኑን ታያላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገመዱ የማን ክፍል ነው?

እንበልና ዱርቤቴ ውስጥ አንድ ቤት አለ። ዱርቤቴን ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊ አልፎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ቤት ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና አንድ ስካነር አለ። አባት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው ቅጂ ይፈልጋሉ። ታናሽየው ዲግሪውን ከሥራ ማመልከቻ ጋር በኢሜይል መላክ አለበት። ስካነሩ ግን የተሰካው እታለም ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። እታለም ደግሞ በሯን ቆልፋ ወጥታለች።

ፕሪንተር ቢሆን ችግር አልነበረም። ፕሪንተር ተቀባይ ነው፤ ትልኩለታላችሁ፣ ተራ ያስይዘዋል፣ ያትማል። ስለዚህም ዊንዶውስ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ክሊክ አድርጎ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ማጋራት ይቻላል። ስካነር ግን ሰጪ ነው፤ ሰጪ ደግሞ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ወረቀቱን በእጁ መስታወቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። በስንት ጥራት? በቀለም ነው በጥቁርና ነጭ? ከገጹ የቱን ክፍል? እያለ ይጠይቃል። መልሱን ሲያገኝ ያነበበውን አምጥቶ ለጠየቀው ኮምፒውተር ያስረክባል። ይህ ሁሉ ምልልስ መጀመሪያ የታሰበው በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ላሉ አንድ ስካነርና አንድ ኮምፒውተር ነው። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ደግሞ በደንቡ ከ5 ሜትር አይበልጥም። ዊንዶውስም በዩኤስቢ የተሰካን ስካነር እንደ ፕሪንተር የሚያጋራበት መንገድ ከራሱ ጋር አላመጣም።

ታሪኩን ከሥሩ ብናየው አያስገርምም። በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ሠሩ። መጀመሪያ ያስገቡት የኪርሽን የሦስት ወር ሕፃን ልጅ ፎቶ ነበር። በቁመትም በወርድም 176 ነጥብ፣ በድምሩ 30,976 ነጥብ ማለት ነው። ዛሬ አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ ስካን ስታደርጉ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይወጣዋል። ያ መሣሪያ ግን አንድ ነበር፤ ኮምፒውተሩም አንድ። ማጋራት የሚባል ሐሳብ አልነበረም። በ1992 ስካነርና ፕሮግራም የሚነጋገሩበት ትዌይን የተባለው ደንብ ሲወጣም፣ ስካነሩና ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደሚገኙ ታስቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መውጫ ተገኝቷል። አንደኛው የሊኑክሶቹ ነው። «ሴን» በሚባለው ሥርዓት ከስካነሩ ጋር የሚነጋገረውንና ከሰው ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለሁለት ከፈሉት። ስለዚህ ስካነሩ የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ «ሴንዲ» የተባለች ትንሽ አገልጋይ ፕሮግራም ተቀምጣ በፖርት 6566 ላይ ታዳምጣለች፤ ሌላው ክፍል ያለ ኮምፒውተር ሲጠራት ስካን አድርጋ ትልካለች። ሁለተኛው መውጫ ራሱ ዋይፋይ ያለው አዲስ ስካነር መግዛት ነው። «ኢኤስሲኤል» የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩት ድራይቨር ሳይጫንላቸው ከስልክም ጋር ይግባባሉ። ሦስተኛው መውጫ የድሃ ልጅ መላ ነው። ስካነሩን ካለበት አትንኩት፤ እታለም ኮምፒውተር ላይ «ስካን» የሚል ፎልደር ክፈቱና ፎልደሩን ለቤቱ ሁሉ አጋሩት። ስካን ያደረገ ሰው እዚያ ያስቀምጣል፣ የፈለገ ሰው ከዚያ ያነሳል።

ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚያጋሩት መሣሪያውን ነው። ምስሉ የሚሄደው ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ግን የሚያጋራው ውጤቱን ነው። አባት ባለፈው ዓመት ስካን ያስደረጉትን ልጃቸው ዘንድሮ ያገኘዋል። ልዩነቱ ትንሽ ትመስላለች፤ የብራናዎቻችን ታሪክ ግን በዚህችው ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ስካነሩ ሰው በነበረ ጊዜ

ጣና ዳር ለብዙ መቶ ዓመታት ስካነሩ ሰው ነበር፤ ቁም ጸሐፊ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ ብራና ይሆናል። ጸሐፊው ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አጠገቡ አድርጎ፣ የሚቀዳበትን መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል። ትልቅ መጽሐፍ ወራት ይፈጃል። የሚቀዳበት መጽሐፍ ገዳሙ ውስጥ ከሌለ ወይ መጽሐፉ ወደ ጸሐፊው ይመጣል፣ ወይ ጸሐፊው ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። ወረቀቱ ወደ መስታወቱ ወይስ መስታወቱ ወደ ወረቀቱ? ጥያቄው ያው ነው።

ኔትወርክም ነበራቸው ብል አትሳቁብኝ። የብራና መጽሐፍ ከመደጎሱ በፊት በየጥራዙ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱን ጥራዝ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ጸሐፊ ማከፋፈል ይቻላል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የሁለትና የሦስት ሰው እጅ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። መሠረታዊው ነገር ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ተቀድቶ ሲያልቅ ሁለት ቤት ሁለት መጽሐፍ አለ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል፤ የተረፈውም ለሦስተኛ ቤት ይቀዳል።

ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት ጸሎት ብቻ አልያዙም። በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የርስት ውል፣ የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈን ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነውና። ዛሬ የዱርቤቴው አባት ስካን ማድረግ የሚፈልጉት የመሬት ደብተር አያቱ ያ የወንጌል ገጽ ነው ብንል አንሳሳትም።

የቅጂን ዋጋ ለማየት መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። የመጽሐፉ ሙሉ ቃል ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት እስከ ግሽ ዓባይ ወርዶ፣ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂ ይዞ ወጣ። አንዱ ፓሪስ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱ ከራሱ ጋር ቀረ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሄኖክ ለዓለም የተረፈው የኢትዮጵያ ጸሐፊዎች በየዘመኑ እየቀዱ በየቤቱ ስላስቀመጡት ነው። ብሩስ ሦስቱን ይዞ ሲሄድም አገር ቤት ሄኖክ አልጠፋም። ቅጂ ሲሰጡት አያልቅም።

ሁሉም በአንድ ፎልደር

አሁን ወደ ሁለተኛው «መውረስ» እንሂድ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጻሕፍት ስብስብ አሰናዱ። ብዙውን ያመጡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሐሳቡ ቢያምርም፣ በየቤቱ ተበትኖ የነበረው አንድ አምባ ላይ ተከማቸ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝና ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ስብስቡ ሁሉ በአንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ገባ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ ይባላል። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ተመለሰላቸውም! እንዴት? ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መለሰ። አንድ ብቻ ቢኖረው ኖሮስ? እሱን ለእናንተ ግምት ትቼዋለሁ። ሁለት ያለው መስጠት ይቀለዋል፤ ይህ ለሙዚየምም ለገዳምም ለቤተሰብም ይሠራል።

መስታወቱ ደሴት ሲሻገር

በ1968 ኧርንስት ሐመርሽሚት ማይክሮፊልም ካሜራ ይዞ ጣናን ተሻገረ። ክብራን ገብርኤል፣ ደብረ ማርያም፣ ሬማ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ብራናው ከደሴቱ ሳይወጣ መስታወቱ ወደ ብራናው ሄደ። ማንም አልዘረፈ፣ ማንም አልተዘረፈ። የክብራን መጻሕፍት ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማው በ1977 ታተመ። የዳጋው በቬሮኒካ ሲክስ ተዘጋጅቶ በ1999 ወጣ። ፊልሙ ከተነሳ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሦስቱም ጥራዞች በጀርመንኛ ናቸው።

ባለሙያዎቹን ልወቅስ አይደለም፤ እነሱ ባይደክሙ ብዙ ነገር ባላወቅን ነበር። ግን የክብራን መነኩሴ የገዛ ገዳሙ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ዝርዝር ለማንበብ ጀርመንኛ መማር ነበረበት። ስካነሩ በደንብ ሠርቷል። ፎልደሩ ግን እታለም ክፍል ነው፤ በሩም ተቆልፏል።

በ1973 የተጀመረው ሥራ ይህን በከፊል አስተካከለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት ጋር፣ ማለትም ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ካለው የሂል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምታ፣ በአገሪቱ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ። ሁለት ቤት፣ ሁለት ፎልደር! የቁም ጸሐፊዎቹ ዘዴ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ምሰሶ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው በጥይት ተመቱ፤ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ዕድሜ ልካቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። በ1976 ኮሌጅቪል ገብተው እስከ እርጅና ድረስ ፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ምን ምን እንደያዙ በዝርዝር መዘገቡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 አረፉ። አገራቸው ውስጥ ያለን መጽሐፍ ከአሜሪካ ሆነው ማንበብ የቻሉት ሁለተኛ ቅጂ ስለነበረ ነው። ያ ቅጂ ባይኖር ያ ሁሉ ዕውቀት ዳጎስ ባሉት ካታሎጎች ውስጥ ባልገባ ነበር።

ማይክሮፊልም ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጥቅል ፊልም በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ ማንበቢያ ማሽኑ ካለበት ክፍል መሄድም ግድ ነው። ስለዚህ ፊልሞቹ ራሳቸው ስካን ተደረጉ። ዛሬ የሂል ቤተ መጻሕፍትን ድረ ገጽ ከፍቶ በነፃ የተመዘገበ የባሕር ዳር ተማሪ ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹን ገጽ በገጽ ማየት ይችላል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም በ2016 «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ በግዕዝ በሰየመው ፕሮጀክት የኢትዮጵያን ብራናዎች መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጎ እያሰባሰበ ነው።

ራውተሩ ሲጠፋ

እዚህ ላይ «እንግዲያው ችግሩ ተፈታ፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚል አይጠፋም። እስኪ 2023ን እናስታውስ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ገደማ የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች በመረጃ ዘራፊዎች ተጠቁ። የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ ያሉት እዚያ ነው። ላይብረሪው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙዎቹን ስካን አድርጎ በድረ ገጹ ከፍቷቸው ነበር። ከጥቃቱ በኋላ ግን ዲጂታል የሆኑት የእጅ ጽሑፎች ለብዙ ወራት ከማንም ዓይን ተሰወሩ። ለንደን ያለ አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ጎንደር ያለ አንባቢ ታወረ።

በዚያው ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ለንደን ተጠቃ አልተጠቃ፣ ሚኒሶታ ከፈተ አልከፈተ፣ ኢንተርኔቱ ስልኩ ውስጥ ለነበረ የዱርቤቴ ልጅ ሁሉም አንድ ሆነበት። በኢሜይል ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠው የዲግሪ ቅጂም አብሮ ጠፋበት።

የቤት ኔትወርክ ግን አልተቋረጠም። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ፣ የቤቱን ኮምፒውተሮች ያገናኛል። እታለም ኮምፒውተር ላይ ያለው «ስካን» ፎልደር ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለንደን ላይ የሆነው ዱርቤቴ ሳሎን አይደርስም። መብራት ሲጠፋ እንኳ በፍላሽ የተቀመጠ ቅጂ ጎረቤት ይሻገራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማነሳው አንድ ነገር ነው። መሣሪያ መጋራት ብቻውን በቂ አይደለም፤ መጋራት ያለበት ቅጂው ነው። ሐመርሽሚት ደሴቱ ድረስ ካሜራ ይዞ መጥቷል፤ መሣሪያው ደርሷል። የጎደለው ለደሴቱ ሰው የሚሆን ፎልደር ነበር። የብሪቲሽ ላይብረሪው «የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም» በ2004 ሲመሠረት ዋናው ቅርስ ከአገሩ እንዳይወጣ፣ ዲጂታል ቅጂውም በአገሩ ተቋም እንዲቀመጥ ያደረገው ይህን ትምህርት ቀስሞ ይመስላል። ዛሬም አንድ ቡድን ካሜራ ይዞ ወደ ገዳም ሲመጣ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ካሜራችሁ ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ሳይሆን «ሃርድ ዲስኩ ከእኛ ዘንድ ይቀራል ወይ?» የሚለው ነው።

ቤታችንም ያው ነው። ስካነሩን በኔትወርክ ለማጋራት ሁለት ቀን ስትታገሉ ከርማችሁ ካቃታችሁ አትዘኑ። ፎልደሩን አጋሩ። ስካን የተደረገውን ሁሉ «0001» እያላችሁ አትተዉት፤ ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ «የአባዬ የመሬት ደብተር» ብላችሁ በአማርኛ ብትሰይሙት ኮምፒውተሩ አይቆጣም። ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈት ማለቴም አይደለም። የመሬት ደብተር ለቤተሰቡ እንጂ ለእንግዳ ዋይፋይ አይደለም፤ ፎልደሩ ላይ የይለፍ ቃል ማድረግ ይቻላል። ገዳምም ቢሆን የቱ ለማን እንደሚታይ የመወሰን መብት አለው።

ደግሞ ቤታችሁ የአያት ዳዊት ካለ እባካችሁ መስታወቱ ላይ ገልብጣችሁ ክዳኑን አትጫኑት። የብራና መጽሐፍ ጀርባው ይሰበራል፤ ከላይ ሆኖ በካሜራ ማንሳት ነው የሚሻለው። እሱንም ካነሳችሁ በኋላ አንዱን ቅጂ ፎልደሩ ውስጥ፣ ሌላውን በፍላሽ አድርጋችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። መቅደላ ሁሉም አንድ ቦታ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አሳይቶናል፤ ክብረ ነገሥት ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ሲኖር ምን እንደሚመለስ።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ማን እንደሚወርሰው ግን ተረቱ አልነገረንም፤ እሱ የሚወሰነው ቅጂው ማን ቤት እንዳለ ነው። እና እታለም ስትመለስ ፎልደሩን አስከፍቷት።

ቸር እንሰንብት።